የአትክልት ልጣጭና የአምባዛ ዓሣ መኖ

ሸዋ ሮቢትና በዙሪያው ያለው የይፋት ቆላ በመስኖ ሽንኩርት፥ ቲማቲም፥ ሙዝና ፓፓያ የሚመረትበት አገር ነው። አትክልት በበዛበት ስፍራ ልጣጭም ይበዛል። ይህን ልጣጭ ወደ ኩሬ ጥሎ አምባዛ ማድለብ ይቻላል ወይ? ብሎ የሚጠይቅ ገበሬ አለ። መልሱ፥ ልጣጩ ብቻውን አያደልብም የሚል ነው።

አምባዛ ያገኘውን ሁሉ የሚበላ ዓሣ ቢሆንም፥ በደንብ እንዲያድግ ከደረቅ መኖው ከ100 እጅ ከ35 እስከ 40 እጅ ያህሉ ገንቢ ምግብ፥ ማለት ፕሮቲን፥ መሆን አለበት። ከ10 ኪሎ እርጥብ ልጣጭ ግን 8 ኪሎው ወይም ከዚያ የሚበልጠው ውሃ ነው። ከዚህም ሌላ፥ ሳይበላ የቀረው ልጣጭ ሲበሰብስ በኩሬው ውሃ ያለውን አየር ይጨርሳል። አምባዛ ብቅ እያለ ከላይ አየር መሳብ ስለሚችል ቶሎ አይሞትም፤ ነገር ግን መብላቱን ይቀንሳል፥ ዕድገቱም ይቆማል። ገበሬው ዓሣው በሕይወት በመኖሩ ብቻ ኩሬው ደኅና ነው ብሎ እንዳይታለል።

የተሻለው ዘዴ ልጣጩን ለመሬት ትል ማብላት፥ ትሉን ደግሞ ለዓሣው መስጠት ነው። የድንች፥ የካሮት፥ የሙዝና የፓፓያ ልጣጭ ከቆየ የከብት እበት ጋር ተደባልቆ፥ ከጥላ ሥር በሣጥን ውስጥ እርጥበት ሳይለየው ቢቀመጥ ትሉ ይራባል። የተረፈው አፈር ለማሳው ጥሩ ማዳበሪያ ነው። የሽንኩርትና የሎሚ ልጣጭ ግን ለትሉ አይስማማም፤ ወደ ኮምፖስት ጉድጓድ ይጣል። በሮቢት የሚበዛው ይኸው የሽንኩርት ልጣጭ መሆኑ ያሳዝናል፤ ምን ይደረጋል፥ ለዓሣውም ቢሆን አይረባውም።

ከትሉ ጋር ሁለት እጅ የኑግ ፋጉሎና አንድ እጅ ፉርሽካ በውሃ ተለውሶ፥ ተድቦልቡሎ ይሰጣል። የተቀቀለ የድንች ልጣጭ በጥቂቱ ቢጨመርበት ሊጡን ያያይዘዋል። እያንዳንዳቸው 100 ግራም የሚመዝኑ 200 ዓሦች በአንድነት 20 ኪሎ ናቸው፤ በቀን ከመቶ 3 እጅ ቢታሰብ 600 ግራም ደረቅ መኖ ይበቃቸዋል። አምባዛ በጨለማ መብላት ስለሚወድ የሚበዛው ድርሻ ወደ ማታ ይሁን። ጠዋት ትራፊ ከታየ መጠኑን መቀነስ ነው።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። ለሽንኩርት ተባይ ከሚረጩት መድኃኒቶች መካከል ፓይሬትሮይድ የሚባሉት ለዓሣ እጅግ መርዛም ናቸው። በቅርብ ከተረጨ ማሳ የመጣ ቅጠልም ሆነ ልጣጭ ወደ ኩሬውም ወደ ትሉም ሣጥን አይግባ። የመርጫው ዕቃ በኩሬው አጠገብ አይታጠብ፤ ከማሳው የሚወርደውም ውሃ ወደ ኩሬው እንዳይገባ ቦይ ይቆፈርለት። የልማት ሠራተኛው ኩሬውን ከማየቱ አስቀድሞ ይህን ቦይ ይመልከት።

ጫጩቶቹ ትልልቁ ትንንሹን ስለሚበላ በመጠን ይለዩ። ጫጩት ለማግኘት የልማት ሠራተኛው በሰበታ ወይም በባሕር ዳር ያለውን የዓሣ ምርምር ማዕከል ይጠይቅ። ደግሞም ቅርፊት የሌለውን ዓሣ የማይበላ ሰው በአገራችን ብዙ ስለሆነ፥ ኩሬው ሳይቆፈር ገዢው ይፈለግ።