የሞተር መቆራረጥ በቆዩ የቤንዚን ፒክአፖች

የሞተር መቆራረጥ ማለት በአንድ ወይም ከዚያ በላይ ሲሊንደር ውስጥ የገባው ቤንዚንና አየር በትክክል ሳይቀጣጠል ሲቀር የሚከሰት ብልሽት ነው። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በሦስቱ ብቻ ሲሠራ በሚኒሞ ይንቀጠቀጣል፣ ዳገት ላይም ይደክማል። እንደ ቀድሞዎቹ ቶዮታ ሃይሉክስ ባሉ ባለ ካርቡሬተር ፒክአፖች ላይ ስህተቱን የሚመዘግብ ኮምፒውተር ስለሌለ ፍለጋው የሰው ሥራ ነው።

መጀመሪያ የማይሠራው ሲሊንደር ይለያል። ሞተሩ እንደጠፋ የአንዱ ካንዴላ ገመድ ይነቀልና ጫፉ ከሞተሩ ብረት ጋር ይያያዛል፤ ከዚያ ሞተሩ ለአጭር ጊዜ ይነሳል። (ሞተሩ እየሠራ ገመድ በባዶ እጅ መንቀል አደገኛ ነው፤ ኃይሉ ከአሥር ሺህ ቮልት ይበልጣል።) መንቀጥቀጡ ከባሰ ያ ሲሊንደር ደህና ነበር፤ ምንም ካልተለወጠ ግን ችግሩ እዚያው ነው። ቀጥሎ ካንዴላው ከጎረቤቱ ጋር ይለዋወጣል። ብልሽቱ አብሮ ከሄደ ጥፋቱ የካንዴላው ነው፤ ካልሄደ ገመዱ፣ በመጨረሻም የሲሊንደሩ ግፊት ይመረመራል። በአንድ ጊዜ ሁለት ዕቃ መቀየር መንስኤውን ይሸፍናል፤ ደህና ዕቃ በከንቱ የሚጣለውም በዚህ ነው።

በወረታና በፎገራ ሜዳ ሁለት መንስኤዎች አስቀድመው ሊታሰቡ ይገባል። አንደኛው ውሃ ነው፦ ርብና ጉማራ በክረምት ሜዳውን ሲያጥለቀልቁ፣ ውሃ የተሻገረ መኪና ወዲያው መቆራረጥ ከጀመረ የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ከፍቶ ማድረቅ ይቀድማል። ሌላው ከፍታ ነው። ወረታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሩ የሳሳ ነው፤ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ ወደ ደብረ ታቦር በሚወጣው መንገድ ደግሞ ይብስበታል። ምልክቱ በደረቅ ጥላሸት የጠቆረ ካንዴላ ነው። ካርቡሬተሩ ካልተስተካከለ አዲሱም ካንዴላ ብዙ ሳይቆይ ይጠቁራል።