የዛገ ስተድና የትዕግሥት ፊዚክስ

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ፣ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚያመራው መንገድም የሚገነጠልባት ከተማ ናት። የፎገራን ሩዝ የሚያመላልሱ የናፍጣ መኪናዎች የማይለዩዋት በመሆኑ፣ ጋራዥ ለፊዚክስ ተማሪ ጥሩ ቤተ ሙከራ የሚሆንባት ሥፍራ ናት። በዚህ ጽሑፍ አነስተኛ መስሎ ብዙ ኪሣራ የሚያስከትል አንድ ችግር እንመለከታለን፤ ይኸውም በአሮጌ ሞተር ላይ የዛገ የማኒፎልድ ስተድን መፍታትና መተካት ነው።

የጭስ ማውጫ ማኒፎልድ ከሲሊንደሮቹ የሚወጣውን የተቃጠለ ጋዝ ሰብስቦ ወደ ማርሚታው ይልካል። ከቴስታታው ጋር የሚያያይዙት ስተዶች ራስ የሌላቸው፣ በሁለቱም ጫፋቸው ጥርስ ያላቸው ቡሎኖች ናቸው፤ አንደኛው ጫፍ በቴስታታው ውስጥ ይጠልቃል፣ በሌላው ላይ ዳዶ ይታሰራል። ስተዱ ሲላላ ወይም ሲበጠስ ጋዙ በጓርኒሲዮኑ በኩል ያፈተልካል። ሞተሩ በከባድ ጭነት ሲሠራ የጋዙ ሙቀት ከ500 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊበልጥ ስለሚችል፣ በአቅራቢያው ያለን ሽቦና የነዳጅ ቱቦ ሊያቃጥል፣ መርዛማ ጋዝም ወደ ጋቢናው ሊያስገባ ይችላል። ስለዚህ ጥገናው የሚዘገይ አይደለም። ሆኖም ስተዱ ሲፈታ ቴስታታው ውስጥ ከተሰበረ፣ የጥቂት ሰዓት ሥራ ቴስታታውን እስከ ማውረድ ሊደርስ ይችላል፤ በአጨዳ ወቅት ይህ ለባለንብረቱ ቀላል ጉዳት አይደለም።

ለምን ይጣበቃል?

ብረት እንዲዝግ ውኃና ኦክስጅን ያስፈልጉታል። በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው በሚተኙበት ሜዳ ላይ ሁለቱም አይጠፉም። ማኒፎልዱ ደግሞ በየዕለቱ ይግላል፣ ይቀዘቅዛል፤ ይህም መገጣጠሚያውን እየከፈተ እርጥበትን ያስገባል፣ ግለቱም ኦክሳይድ የመፈጠሩን ሂደት ያፋጥናል። ዝገት ከተገኘበት ብረት ይልቅ ከ2 እጥፍ በላይ ቦታ ይይዛል። በጥርሶቹ መካከል የሚፈጠረው ዝገት መውጫ ስለሌለው ሁለቱን አካላት እንደ ሽብልቅ ወጥሮ ይይዛቸዋል።

ለምን ይሰበራል?

የአንድ ዘንግ የመጠምዘዝ ጥንካሬ ከዲያሜትሩ ኩብ ጋር ይመጣጠናል። ዝገት የስተዱን ዲያሜትር በ10 በመቶ ቢቀንሰው፣ የቀረው ጥንካሬ 0.9 × 0.9 × 0.9፣ ማለትም 73 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በ20 በመቶ ቢሳሳ ግማሽ ያህሉ ይጠፋል። ዝገቱ ማሰሪያውን ሲያጠብቅ ዘንጉን ግን ያሳሳዋል። ስለዚህ በመፍቻው ላይ ረጅም ቱቦ ሰክቶ በኃይል መጎተት፣ ዝገቱ ከመላቀቁ በፊት ስተዱን ይቆርጠዋል።

መፍትሔው

የመጀመሪያው መሣሪያ ጊዜ ነው። ቀጭን ዘይት በጠባብ ክፍተት ውስጥ በካፒላሪነት ሲጓዝ፣ የሚደርስበት ጥልቀት ከጊዜው ስኩዌር ሩት ጋር ይመጣጠናል፤ ሁለት እጥፍ እንዲጠልቅ አራት እጥፍ ጊዜ ያሻዋል። ስለዚህ ከዋዜማው ጀምሮ ደጋግሞ መቀባት ይጠቅማል።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ብዙ ተማሪዎች ብረት ሲሞቅ ቀዳዳው የሚጠብ ይመስላቸዋል፤ እውነቱ ግን ቀዳዳው ከብረቱ ጋር አብሮ መስፋቱ ነው። ባለ 10 ሚሊሜትር ስተድ የሚይዘው ዳዶ ከስተዱ በ300 ዲግሪ ቢበልጥ፣ 10 × 0.000011 × 300 = 0.033 ሚሊሜትር ያህል ይሰፋል። ይህ የአንድ ወረቀት ውፍረት ሲሶ ነው፤ ነገር ግን ዝገቱን ለመሰንጠቅ ይበቃል። ቁም ነገሩ የሙቀት ልዩነት ነው፤ ሁለቱም እኩል ከሞቁ እኩል ይሰፋሉና ጥቅም የለውም። ዘይቱ ተቀጣጣይ በመሆኑ እሳት ከመቅረቡ በፊት በሚገባ ሊጠረግ፣ የነዳጅ ቱቦውም ከአካባቢው ሊርቅ ይገባል።

ሦስተኛው ትንሽ እንቅስቃሴ ነው። ጥቂት ፈታ፣ መልሶ ጥቂት ጠበቅ ማድረግ ዝገቱን ይፈጫል፣ ዘይቱንም ወደ ውስጥ ያስገባል።

ስተዱ ከተሰበረና ጫፉ ከወጣ፣ አዲስ ዳዶ በላዩ ላይ ይበየዳል። የብየዳው ሙቀት ስተዱን ሊያስፋው ሲሞክር ቀዳዳው ስለሚያፍነው ብረቱ ይጨመቃል፤ ሲቀዘቅዝ ከቀድሞው ጥቂት ቀጥኖ ይላቀቃል። ጫፉ ወደ ውስጥ ከገባ ግን መሐሉን በትክክል ለይቶ በትራፓኖ መብሳት ግድ ይላል።

ሲተካ

ጥርሶቹ ይጸዳሉ፣ ጓርኒሲዮኑ ይለወጣል፣ ግለት የሚችል ቅባትም ይቀባል። በተለመደው አጠባበቅ ከምንሰጠው የመጠምዘዝ ኃይል 10 በመቶ ያህሉ ብቻ ስተዱን ይወጥራል፤ ቀሪው በሰበቃ ይጠፋል። ቅባት ሰበቃውን ስለሚቀንስ፣ ለደረቅ ጥርስ የተጻፈውን መጠን በተቀባው ላይ መጠቀም ስተዱን ከልክ በላይ ይወጥረዋል። ዳዶዎቹ ከመሐል ወደ ዳር፣ በየደረጃው ይጠብቃሉ፤ ሞተሩ አንድ ጊዜ ግሎ ከቀዘቀዘ በኋላም እንደገና ይፈተሻሉ።

ውድ አንባቢያን፣ ልምድ ያለው መካኒክ ቀመሩን ባይጽፈውም እጁ ያውቀዋል። መፍቻው አልታዘዝ ሲል መጎተቱን ትቶ ችቦውን ወይም የዘይት ጣሳውን የሚያነሣው፣ የዲያሜትር ኩብ በጡንቻ እንደማይረታ ከሥራው ስለተማረ ነው።