የእንጨት ቶርኖ በብረት ሠሪዎች ሰፈር

የምድር ባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ አቋርጦት ያለፈው የአቃቂ ሜዳ፣ ከዚያ ወዲህ የጨርቃ ጨርቁም፣ የመለዋወጫና የእጅ መሣሪያዎቹም ፋብሪካዎች በየተራ እየተተከሉበት የሠራተኛ አገር ሆኖ ስለ ቆየ፣ ዛሬ በአቃቂ ቃሊቲ የሚኖር ሰው ቶርኖ ምን እንደ ሆነ እንዲነገረው አያስፈልገውም፤ የተሰበረ ዘንግ ይዞ የመጣ ደንበኛ ተራውን የሚጠብቅበትን ሱቅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እያየ አድጓልና። ነገር ግን ይህ ሁሉ ዕውቀትና ይህ ሁሉ ክብር የተሰጠው ለብረቱ ቶርኖ ነው። የእንጨቱ ቶርኖ የወንበር እግርና የደረጃ መደገፊያ ከማውጣት በቀር ለሌላ የማይበቃ እየመሰለ፣ በአናጢው ቤት ጥግ በፍቅፋቂ ተሸፍኖ ይኖራል። ስኒ የሚቀመጥበትን ረከቦት፣ ቡና የሚወቀጥበትን ሙቀጫ ከነዘነዘናው፣ ካህኑ በማኅሌት የሚደገፈውን የመቋሚያ ራስ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊያወጣ የሚችል መኪና እንዲህ መናቁ ስለሚያሳዝነኝ፣ በጓሮው አንድ ለመትከል ለሚያስብ ሰው አመራረጡንና አያያዙን ልገልጥ ወደድሁ።

ሥራው ግልጥ ነው፤ እንጨቱ በሁለት ጫፍ ተወጥሮ ወይም በአንድ ወገን ተጣብቆ ይሽከረከራል፣ ስለት ሲቀርብለትም ክብ ሆኖ ይወጣል። ጥበቡም ጥንታዊ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ በግብፅ በተሠራው በፔጦሲሪስ በተባለው ካህን መቃብር ግድግዳ ላይ፣ አንዱ ሰው ጠፍር እየሳበ እንጨቱን ሲያሽከረክር ሌላው ስለቱን ሲያቀርብ ተቀርጾ ይታያል። የጠፍሩ ሥራ ለኤሌክትሪክ ሞተር ተላልፏል፤ የሁለተኛው ሰው ሥራ ግን እስከ ዛሬ አልተለወጠም፤ ስለቱ በሰው እጅ ነው።

የብረት ቶርኖ የሚያውቅ ሰው የእንጨቱን ሳይማር ያውቃል የሚለው አሳብ የሚወድቀውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ በሰፈራችን ግን አሳቡ እጅግ የጸና ስለ ሆነ በሰፊው ልናገርበት ግድ ይለኛል። በብረቱ ቶርኖ ላይ ስለቱ በማቀፊያ ውስጥ በብሎን ተጠፍንጎ፣ በመዘውር እየተነዳ፣ ከተሠራለት መንገድ ሳይወጣ ይሄዳል፤ ሠራተኛው መጠኑን ያዝዛል እንጂ ኀይሉን የሚሸከመው መኪናው ራሱ ነው። በእንጨቱ ላይ ማቀፊያም መዘውርም የለም፤ ያለው አንድ የብረት መደገፊያ ብቻ ሲሆን፣ መሮውን የሚይዘውም፣ የሚመራውም፣ እንጨቱ ሲመታው የሚቀበለውም የሰው ክንድ ነው። ከዚህም በላይ ብረት በሁሉም ወገን አንድ ባሕርይ ሲኖረው እንጨት ቃጫ አለው፤ ገበቴን በመሰለ ሥራ በአንድ ዙር ውስጥ ስለቱ ከቃጫው ጋራ፣ በቃጫው ላይ፣ ደግሞም በቃጫው አንጻር ስለሚያልፍ፣ በዚህ ሩብ ዙር እሺ ብሎ የተላጠው እንጨት በሚቀጥለው ሩብ ዙር መሮውን ሊነጥቅ ይችላል።

ለዚህ የተገኘው መፍትሔ፣ እኔ የዚህን ጥበብ ሁሉ መሠረት አድርጌ የማየው፣ የአቀራረብ ሥርዓት ነው። አስቀድሞ የመሮው አካል በመደገፊያው ላይ ይጸናል። ቀጥሎ ከስለቱ ጫፍ በስተኋላ ያለው የተሞረደው ገጽ፣ ተረከዝ ልበለውና፣ የሚሽከረከረውን እንጨት ይነካል፤ በዚህ ጊዜ ምንም አይቆረጥም፣ መሮው በእንጨቱ ላይ እየተሻሸ ይንሸራተታል እንጂ። በመጨረሻ እጀታው ቀስ ተብሎ ከፍ ሲደረግ ስለቱ ዝቅ ይልና ፍቅፋቂው ረጅምና ጥምዝምዝ ሆኖ መውጣት ይጀምራል። ተረከዙ እንጨቱን እስከ ነካ ድረስ ስለቱ ከልኩ አልፎ ሊጠልቅ አይችልም፤ የሚያግደው አለና። ስለቱ ከተረከዙ ቀድሞ የደረሰ እንደ ሆነ ግን የሚያግደው ስለሌለ እንጨቱ ወደ ታች ይስበዋል፣ የተሳበውም ስለት የበለጠ ይጠልቃል፣ የጠለቀውም ይበልጡን ይሳባል፤ ዐይን ሳይርገበገብ ወይ ሥራው ተገንጥሎ ይወድቃል፣ ወይ መሮው ይሰበራል፣ ወይ ጣት በመደገፊያውና በመሮው መካከል ይጨፈለቃል።

የመደገፊያው ቦታ በዚህ ውስጥ ያለውን ድርሻ ብዙ ሰው አያስተውለውም፤ ስለዚህ በአኃዝ ላሳይ። መሮው ከመደገፊያው አልፎ የወጣው 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢሆንና እጅ እጀታውን ከመደገፊያው 40 ሳንቲ ሜትር ርቆ ቢይዘው፣ በስለቱ ላይ ያረፈው ኀይል እጅ ዘንድ የሚደርሰው ከሃያ አንድ እጅ ሆኖ ነው። መደገፊያው ርቆ መሮው 10 ሳንቲ ሜትር ቢወጣ ግን ያው ኀይል ከአራት አንድ እጅ ሆኖ ይመጣል፤ በዚያው እንጨት፣ በዚያው ስለት፣ ክንድ የሚቀበለው ምት አምስት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። እንግዲህ መደገፊያው ከእንጨቱ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ይቅረብ፤ እንጨቱ እየቀጠነ ሲሄድም መኪናውን አቁሞ እንደ ገና ማስጠጋት ነው። ብዙ ሰው ማቆሙን ስለሚሰለች ክፍተቱ እየሰፋ ሲሄድ ዝም ብሎ ይሠራል፤ ሌላው ደግሞ እንጨቱ እየተሽከረከረ መደገፊያውን ይፈታና ያስጠጋል። ሁለተኛው ከፊተኛው የከፋ ነው፤ አንድ ተማሪ ይህን ሲያደርግ ካየሁ ያን ቀን መኪናውን አላስነካውም።

በፋብሪካ ዕድሜውን የፈጸመ አንድ አዛውንት የብረት ቶርኖ ባለሙያ፣ በአንድ ወዳጄ አናጢ ቤት ተገናኝተን ሳለ፣ የዋንዛ ቁራጭ ሲዞር አይቶ መሮውን ከእጄ ተቀበለኝ። «ይኼ እኮ ለእኔ ጨዋታ ነው፣ ልጄ» አለና ስለቱን፣ በብረቱ ላይ እንደ ለመደው፣ ቀጥ አድርጎ በግንባሩ አቀረበው፤ መሮው ዘልሎ በእንጨቱ ላይ ጥልቅ ጠባሳ ትቶ ተመለሰ። «ጋሼ፣ እስቲ መጀመሪያ ተረከዙን ያስደግፉት» ብዬ ሞተሩን አጠፋሁና እንጨቱን በእጄ ቀስ እያልሁ አዞርሁለት፤ እርሱም የተረከዙን መሻሸትና የስለቱን መንከስ በጣቱ እስኪለይ ድረስ ደጋገመው። የሚሊ ሜትርን መቶኛ የሚለይ እጅ ስለ ነበረው፣ ነገሩ አንድ ጊዜ ከገባው በኋላ ያወጣው ቅርጽ ከእኔ የተሻለ ሆነ። ሞተር ጠፍቶ በእጅ እየተዞረ የሚደረገውን ይህን ልምምድ ለጀማሪ ሁሉ አዝዛለሁ።

ከዚህ ቀጥሎ የፍጥነት ነገር ይመጣል። የእንጨቱ ስፋት በሳንቲ ሜትር ተለክቶ በደቂቃው ዙር ሲባዛ ውጤቱ ከ15,000 እስከ 23,000 ባለው መካከል ቢሆን መልካም ነው፤ ስለዚህ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው እንጨት ከ1,500 እስከ 2,300 ዙር ሲችል፣ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገበቴ ከ500 እስከ 760 ዙር ይበቃዋል፤ ገና ያልተስተካከለ ጉማጅ ሲሆን ደግሞ ከዝቅተኛውም በታች ይጀመራል። ያን ገበቴ በ2,000 ዙር የሚያዞር ሰው፣ ከንፈሩ በሰዓት 113 ኪሎ ሜትር፣ ከዚሁ ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ ወደ አዳማ በሚወስደው ፈጣን መንገድ ላይ እንደሚከንፍ መኪና እየበረረ ፊቱ ላይ እንዳለ ይወቅ። ከማስነሣት በፊት እንጨቱን አንድ ሙሉ ዙር በእጅ አዙሮ መደገፊያውን አለመምታቱን ማየት፣ እንጨቱን የሚይዘውን የቻኩን መፍቻ መንቀል፣ ሲያስነሡም ከሚዞረው እንጨት አንጻር ሳይሆን ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ መቆም ይገባል። መነጽር ብቻ አይበቃም፤ ፊትን ሁሉ የሚሸፍን መከለያ ያስፈልጋል።

ወደ ምርጫው ስንመጣ፣ ገዢው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው የሞተሩን ጉልበት ነው፤ እኔ ግን አስቀድሞ ክብደቱን ይጠይቅ እላለሁ፤ ቀላል መኪና ይንቀጠቀጣል፣ የሚንቀጠቀጥ መኪና ስለትን ያሳስታልና። ከአገር ውስጥ ብየዳ ቤት የሚገኘውን፣ በወፍራም ብረት ተበይዶ ከሲሚንቶ ወለል ጋራ በብሎን የታሰረውን ቶርኖ፣ ከውጭ ከመጣውና ከሚያብለጨልጨው ቀላል መኪና አስበልጬ የማየው ስለዚህ ነው። ኩሽኔታዎቹ ሳይንገጫገጩ መዞራቸውን፣ እንጨቱን በሁለት ወገን የሚይዙት የሁለቱ ራሶች ጫፎች ሲገናኙ ፊት ለፊት መግጠማቸውን በዐይን ማረጋገጥ ይበቃል። ፑሌው ቢያንስ ሦስት ደረጃ ይኑረው፣ ቺንጋውም ሲዘዋወር ወደ 500 ዙርና ከዚያም በታች ሊወርድ የሚችል ይሁን። ሞተሩ በ220 ቮልት በአንድ ፌዝ የሚሠራ ካልሆነ ለቤት መስመር አይመችም።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ በላይ ይታይ፤ እርሱም ማብሪያው ነው። መብራት ሲሄድ ሠራተኛው መሮውን አስቀምጦ ይወጣል፤ ማብሪያው ተራ የግድግዳ ማብሪያ ከሆነ ግን መብራት ሲመለስ ቶርኖው ብቻውን ይነሣል፣ በዚያ ሰዓት ልጅ እንጨቱን እየዳሰሰ ቢሆንስ? ኮንታክተር ያለበት፣ ኀይል ሲቋረጥ ራሱን የሚያጠፋና እንደ ገና ካልተጫኑት የማይነሣ ማብሪያ ያስገጥሙ። ማንም የሠፈር ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ያውቀዋል።

ስለ መሮ ደግሞ፣ አሮጌ ሞረድ አስልቶ መሮ ማድረግ በሰፈራችን የተለመደ መሆኑ ይታወቃል፤ ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። የሞረድ ብረት እጅግ የጠነከረ፣ ስለዚህም ተሰባሪ ነውና፣ እንጨቱ በመታው ጊዜ እንደ መስተዋት ይፈነጠራል። ከባሌስትራ ተቀጥቅጦ በሥርዓት ውሃ የጠጣ መሮ ከእርሱ ይሻላል።

አሁን ስለ ልብስ። እጅን ለመጠበቅ ተብሎ ጓንት የሚያጠልቁ ሰዎች አሉ፤ ጓንት በተያዘ ጊዜ ጣትን ይዞ ስለሚገባ በቶርኖ ላይ ጥፋት ነው። ጋቢ ደርቦ፣ ነጠላ ጥሎ፣ እጅጌ አንጠልጥሎ መቆምም እንደዚሁ። ማተብ ያሰረ ምእመን ማተቡን ሸሚዙ ውስጥ ከትቶ እስከ አንገቱ ይቆልፍ፤ የተንጠለጠለ ክር ሁሉ ለሚዞር ዘንግ መያዣ ነው። በብርጭቆ ወረቀት ሲያለሰልሱ መደገፊያውን ማንሣት፣ ዘይት ሲቀቡም በጨርቅ ፈንታ ሶፍት መያዝ ይገባል፤ ሶፍት ቢያዝ ይቀደዳል፣ ጨርቅ ግን እጅን ይጎትታል። ብናኙንም አይናቁት፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት የእንጨት ብናኝን እ.ኤ.አ. በ1995 ካንሰር ከሚያስከትሉት ነገሮች መካከል መድቦታልና፣ አፍንጫንና አፍን የሚሸፍን ጭንብል ያስፈልጋል።

እንጨቱን በሚመለከት፣ ዋንዛ ለጀማሪ ከሁሉ ይስማማል፤ ወይራ ከባድና ጠንካራ ሆኖ ለሙቀጫና ለዘነዘና ተወዳዳሪ የለውም፤ ባሕር ዛፍ ግን በውስጡ የታመቀ ውጥረት ስላለው ገና ሲሰነጠቅ ይጣመማል። ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና ጥድ በአዋጅ ቁጥር 94/1986 ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ተጠብቀው የነበሩ ዛፎች ስለ ሆኑ፣ ለቶርኖ የሚሆን ቁራጭ ከአናጢ ቤት ትራፊና ከፈረሰ ቤት ቢፈለግ ይሻላል። የፈረሰ ቤት እንጨት ደርቆ ያረፈ ስለ ሆነ እጅግ እወደዋለሁ፤ ምስማር ግን ይደብቃልና ማግኔት ሳያዞሩበት ወደ ቶርኖ አያውጡት። እርጥብ ግንድ ያገኘ ሰው የዛፉ መካከለኛ ልብ በሥራው ውስጥ እንዳይገባ ለሁለት ይሰንጥቀው፣ የተቆረጡትን ጫፎች በሰም ይድፈናቸው፤ ውሃ በቃጫው ጫፍ በኩል ፈጥኖ ስለሚወጣ ስንጥቁ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ገበቴ የሚሠራ ደግሞ ውፍረቱን ከስፋቱ አንድ ዐሥረኛ ያህል አድርጎ ካወጣው በኋላ በጥላ ያስቀምጠው፤ በየጊዜው እየመዘነም ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ዳግመኛ ወደ ቶርኖ ይመልሰውና ይጨርሰው።

ለማስዋቢያ የተልባ ዘይት መልካም ነው፤ በእንጨቱ ውስጥ ሰርጎ ይደርቃልና፤ የሙቀጫው ውስጥ ግን ምንም ሳይቀባ ይቅር። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ስለሚያመነጭ፣ የተነከረ ሶፍትና ጨርቅ ተጨብጦ በጥግ ከተጣለ እሳት ሳይነካው ራሱ ሊቀጣጠል ይችላል፤ በፍቅፋቂ በተሞላ ክፍል ውስጥ ይህ ምን እንደሚያመጣ መናገር አያሻም። ስለዚህ ሥራው ሲያልቅ አንድ በአንድ ዘርግቶ በደጅ ማድረቅ፣ ወይም ውሃ ባለበት ቆርቆሮ ውስጥ መንከር ነው።