ግራፊክስ ካርድ ልትገዙ ኤል ቡስታን ሞል ከመሄዳችሁ በፊት

ከአርድ ኤል ለዋም፣ ከናስር ሲቲም፣ ከማአዲም የምትጽፉልኝ ልጆች አብዛኞቻችሁ የምትጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ «እጄ ላይ ትንሽ ገንዘብ አለ፤ ለጌም የትኛውን ግራፊክስ ካርድ ልግዛ?» ለሁላችሁም እዚሁ ልመልስ። ኮምፒውተራችሁ የሚችለው ከሆነ፣ ዛሬ ካይሮ ውስጥ ቆጥቦ ለሚገዛ ሰው የምመክረው ያገለገለ አርኤክስ 6600 ነው። ግን «የሚችለው ከሆነ» ያልኩት ከካርዱ ስም ይበልጣልና ከእሱ ልጀምር።

መጀመሪያ ጥፋቱ የካርዱ መሆኑን አረጋግጡ። ምንም አያስወጣም። ኤምኤስአይ አፍተርበርነር የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫኑ፣ የፍሬም ገደብ ካለ አንሱ፣ ከዚያ ዘወትር የምትጫወቱትን ጌም ክፈቱ። ካርዱ 97 ወይም 98 በመቶ እየሠራ ፍሬሙ ዝቅ ካለ፣ እውነትም አቅሙ አልቋል። ካርዱ በግማሽ አቅሙ እየሠራ ጌሙ የሚቆራረጥ ከሆነ ግን የሚያንቀው ፕሮሰሰሩ ወይም ራሙ ነው፤ አዲስ ካርድ ብትገዙም የምታዩት ለውጥ ጥቂት ነው። ካውንተር ስትራይክ 2 እና ቫሎራንት በተለይ ፕሮሰሰሩን ነው የሚያስጨንቁት። አንድ ቁራጭ 8 ጊጋባይት ራም ብቻ ያላችሁ ደግሞ ሁለተኛ ቁራጭ ጨምሩና እንደገና ሞክሩ። የካርዱን ዋጋ ሳትነኩ ችግሩ የሚፈታበት ጊዜ አለ።

ቀጥሎ ኬዙን ክፈቱ። ብዙዎቻችሁ እዚህ «ኢስቲራድ» እየተባሉ የሚሸጡትን ከውጭ የመጡ የቢሮ ኮምፒውተሮች፣ ዴል ኦፕቲፕሌክስና ኤችፒ ገዝታችኋል። ለዋጋቸው ጥሩ ማሽኖች ናቸው፤ ለካርድ ግን አይመቹም። የብዙዎቹ ፓወር ሰፕላይ ለካርድ የሚሆን ተጨማሪ ገመድ የለውም፤ ልቀይረው ብትሉም የማዘርቦርዱ መሰኪያ ከተለመደው ይለያልና አዳፕተር መፈለግ ይኖርባችኋል። ቀጭኑን ኬዝ የያዘ ሰው ደግሞ ቁመቱ አጭር የሆነ ካርድ ካልሆነ አይገባለትም። እንዲህ ላለ ማሽን ምርጫው ጠባብ ነው፦ ከማዘርቦርዱ በሚያገኘው 75 ዋት ብቻ የሚሠራ ጂቲኤክስ 1650። ይህ ካርድ ተጨማሪ ገመድ የሚጠይቅ ዓይነትም ስላለው ከመክፈላችሁ በፊት ጎኑን እዩ። ከዚያ በላይ ከፈለጋችሁ ገንዘቡን አስቀምጡና ማሽኑን ለመቀየር አጠራቅሙ።

ተራ ኬዝ ያላችሁ የፓወር ሰፕላዩን ስቲከር አንብቡ። አርኤክስ 6600 የሚወስደው 132 ዋት ነው፤ ሠሪው ኤኤምዲ የሚመክረው 450 ዋት ፓወር ሰፕላይ ነው። ከኬዙ ጋር አብሮ የመጣ፣ ስሙ የማይታወቅ ፓወር ሰፕላይ ላይ 500 ዋት ተብሎ ቢጻፍም አትመኑት። ከበጀታችሁ ቆርጣችሁ መጀመሪያ እሱን ቀይሩ። በካርዱ አንድ ደረጃ ዝቅ ብላችሁም ቢሆን ይህን አድርጉ። የተበላሸ ፓወር ሰፕላይ ካርዱንም ማዘርቦርዱንም ይዞ ሊሄድ ይችላል፤ በስደት ያለ ልጅ ያንን ሁሉ እንደገና ከየት ይገዛል?

ካርድ ለምን እንዲህ ተወደደ ለምትሉ፣ አርኤክስ 6600 በፈረንጆቹ ጥቅምት 2021 ሲወጣ 329 ዶላር ተተምኖ ነበር። ያኔ አንድ ዶላር 15.7 የግብፅ ፓውንድ ገደማ ስለነበረ፣ ያለ ቀረጥና ያለ ነጋዴ ትርፍ 5,200 ፓውንድ ቢሆን ነው። መጋቢት 2024 ምንዛሪው ከተለቀቀ በኋላ ዶላሩ ወደ 50 ሲጠጋ ያው 329 ዶላር 16,450 ፓውንድ ሆነ። በዚህ ላይ 14 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። አዲስ አበባ ያላችሁም የብሩ ምንዛሪ ከተለቀቀበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ እንዲህ ያለውን የዋጋ ንረት ታውቁታላችሁ። ለዚህ ነው አዲስ ካርድ ትቼ ወደ ያገለገለው የምመራችሁ።

ያገለገለው ገበያ ላይ በብዛት የምታዩት አርኤክስ 580 ነው። ርካሽ ነው፣ 8 ጊጋባይትም አለው፤ እኔ ግን አልመክረውም። በፈረንጆቹ 2017 የወጣ ካርድ ነው፤ ኤኤምዲም ከ2023 ጀምሮ ለዚህ ትውልድ የሚያወጣውን ድራይቨር ቀንሷል። በዚያ ላይ 2048ኤስፒ የሚባል ደካማ ዓይነት በዚሁ ስም ይሸጣል፤ ዋናው 2,304 ኮር ሲኖረው ይኼኛው 2,048 ነው ያለው፤ በተግባር አርኤክስ 570 ማለት ነው። ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር ከእሱ ይሻላል፤ ግን ሬይ ትሬሲንግ የሚሠራ ክፍል የለውም። በታኅሣሥ 2024 የወጣው የኢንዲያና ጆንስ ጌምና በግንቦት 2025 የወጣው ዱም ዘ ዳርክ ኤጅስ ያለዚያ ክፍል አይከፈቱም። ሁለቱም በዝቅተኛ መስፈርታቸው ላይ በስም ከጠሯቸው ካርዶች አንዱ አርኤክስ 6600 ነው። ከጌም ጎን ቪዲዮ ኤዲት የምታደርጉ ወይም በብሌንደር የምትሠሩ ብቻ ትንሽ ጨምራችሁ ባለ 12 ጊጋባይቱን አርቲኤክስ 3060 ፈልጉ፤ እንጀራ የሚያበላችሁ እሱ ነው። አርኤክስ 6500 ኤክስቲን ግን የቆየ ማዘርቦርድ ያለው ሰው አይንካው፤ ባለ 4 ጊጋባይት ነው፣ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘውም በጠባብ መስመር ስለሆነ በፒሲአይ 3.0 ላይ ብዙ ይቀንሳል።

«የማይኒንግ ካርድ ቢሆንስ?» ትሉኛላችሁ። ኢቴሪየም የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ በፈረንጆቹ መስከረም 15 ቀን 2022 አሠራሩን ሲቀይር በካርድ ማይኒንግ መሥራት ትርፉ ጠፋ፤ በየአገሩ ብዙ ካርድ ወደ ያገለገለ ዕቃ ገበያ ወጣ። እኔ ማይኒንግ የሠራ ካርድ ሁሉ ሞቷል አልልም። ቺፑ በአንድ ዓይነት ሙቀት ያለማቋረጥ መሥራቱ ያን ያህል አይጎዳውም፤ የሚያልቁት ፋኖቹ፣ ፔስቱና የሜሞሪው ቴርማል ፓድ ናቸው። እነዚህ በጥቂት ገንዘብ ይቀየራሉ። ማይኒንግ መሥራቱ ያልተነገራችሁን ግን አትግዙ፤ ሻጩ «ከስር ዚሮ ነው፣ እንደ አዲስ ነው» ሲላችሁ ቃሉን ትታችሁ ካርዱን እዩ። ብሎኖቹ ተቧጭረዋል? ፋኑን በጣት ስታዞሩት ይወላገዳል? የሞኒተር መሰኪያዎቹ አካባቢ ዝገት አለ?

ከዚያ ሳትከፍሉ አስፈትኑ። ባብ ኤል ሉቅ፣ ከታህሪር በእግር የምትደርሱበት ኤል ቡስታን ሞል ውስጥ በማሽን ላይ ሰክተው የሚያሳዩ ሱቆች አሉ፤ የማያሳየውን ትታችሁ ወደ ቀጣዩ ሂዱ። ከዱቢዝል ወይም ከፌስቡክ የምትገዙም ቀጠሮውን ካርዱ የሚሰካበት ቦታ አድርጉ፤ ካፌና ሜትሮ ጣቢያ ላይ አትቀበሉ፤ ብቻችሁንም አትሂዱ። ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ፕሮግራም ክፈቱና የኮሩን ቁጥር እዩ፤ አርኤክስ 6600 ከሆነ 1,792 ማለት አለበት። ስሙ በሶፍትዌር የተቀየረ ካርድ ከሆነ ይህ ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ያጋልጠዋል። ቀጥሎ ካርዱን በሙሉ አቅሙ የሚያሠራውን ፈርማርክ የሚባል ፕሮግራም ለ15 ደቂቃ አስኪዱ። ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ወይም ቀለም የተዛባ ሳጥን ከታየ፣ ኮምፒውተሩ ከጠፋ፣ ወይም ሆትስፖት የሚባለው ሙቀት ወደ 110 ዲግሪ ከተጠጋ ካርዱን መልሱ። ሱቁ ውስጥ ኤሲ አለ፤ የእናንተ ክፍል በሐምሌ ከዚያ ይብሳል።

ከሱቅ ስትገዙ «ፋቱራ»፣ ማለትም ደረሰኝ፣ ተቀበሉ፤ የካርዱ ሙሉ ስምና የሴሪያል ቁጥሩ ይጻፍበት። «ዳማን» አለው ካሏችሁም የዋስትናው ቀን ብዛት በጽሑፍ ይስፈር። አረብኛ የማትችሉ የሚችል ሰው ይዛችሁ ሂዱ። የግብፅ የሸማቾች ጥበቃ ሕግ፣ የ2018ቱ ቁጥር 181፣ ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ30 ቀን ውስጥ መመለስን ይፈቅዳል፤ ያለ ፋቱራ ግን የምትሟገቱበት ነገር የላችሁም።

ቤት ስትደርሱ የድሮውን ድራይቨር አጥፍታችሁ አዲሱን ጫኑ። በአፍተርበርነር የኃይል ገደቡን ትንሽ ዝቅ ብታደርጉት ሙቀቱና የፋኑ ጩኸት ይቀንሳል፤ ፍሬሙ ላይ የምታጡት እምብዛም አይታወቃችሁም። የካምሲን ነፋስ ሲያልፍ ደግሞ ኬዙን ከፍታችሁ አቧራውን አውጡ።

ምርጫ ላይ የተቸገራችሁ ሦስት ነገር ላኩልኝ፦ የፓወር ሰፕላዩን ስቲከር ፎቶ፣ የፕሮሰሰሩን ስም፣ የሞኒተራችሁን ሬዞሉሽን። «ይህን ያህል ፓውንድ አለኝ» ብቻ ካላችሁኝ ልረዳችሁ አልችልም።