ሥራ የፈታው ግራ እጅ፦ ስለ መስታወት ልምምድ ተረትና እውነታ

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ፣ ኪቦርድ የማስተምረው የ14 ዓመት ልጅ ግራ እጁ ከቀድሞው ብሶበት መጣ። ሰኔ ላይ የችክችካውን ባስ እያነከሰም ቢሆን ይከተለኝ ነበር። አሁን ትንሿ ጣቱ ተገትራ ቀረች።

«በቀን ስንት ሰዓት ተለማመድክ?»

«አንድ ሰዓት፣ ጋሼ።»

«በየትኛው እጅ?»

ዝም አለ። ነገሩን የነገረችኝ እናቱ ናት። አንድ «አሠልጣኝ» መስታወት የተገጠመበት ሳጥን ሸጦላት ኖሯል። ልጁ ሳጥኑን ከኪቦርዱ በስተግራ ጫፍ ያቆምና ግራ እጁን ከመስታወቱ ጀርባ ጠረጴዛው ላይ ያስተኛል፤ ከዚያ ቀኝ እጁ ሲጫወት በመስታወቱ ያያል። ሁለት ወር ሙሉ ግራውን ሳያንቀሳቅስ ግራውን «አሠለጠነ»።

ከመሬት የተነሣ ወሬ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልተናደድኩ። ግን እውነት ተቀላቅሎበታል። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያስተዋወቀው አሜሪካ የሚሠራው የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪ ቪላያኑር ራማቻንድራን ነው። እጃቸው ተቆርጦ ሳለ የሌለው እጃቸው የሚያማቸው ሰዎች አሉ፤ ደህናውን እጃቸውን በመስታወት ሲያዩት የጠፋው የተመለሰ ይመስላቸዋል፣ አንዳንዶቹንም ሕመሙ ቀለል ይላቸዋል። ከዚያ ወዲህ ዘዴው ስትሮክ አንድ ጎናቸውን ላደከመባቸው ሰዎችም ተረፈ። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመረምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ግምገማ 62 ጥናቶችንና ወደ 2,000 የሚጠጉ ተሳታፊዎችን አንድ ላይ አይቶ፣ ለስትሮክ ሕሙማን እንቅስቃሴ ይረዳል ብሏል።

በጤነኞችም ላይ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2012 ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ሰዎችን በቀኝ መዳፋቸው ሁለት ኳሶች እንዲያሽከረክሩ አደረጉ። ቀኝ እጃቸውን በመስታወት እያዩ የሠሩት ሰዎች፣ ምንም ያልሠራው ግራ እጃቸው መስታወት ካላዩት ሰዎች ይበልጥ ተሻሻለ። ሻጩ ይዟት የሚዞረው ይህችን ጥናት ነው።

ታዲያ ተሻሻለ የተባለው ከማን ጋር ሲወዳደር ነው? ግራ እጁን ከተለማመደ ሰው ጋር አይደለም። በሁለቱም ወገን ግራው እጅ ሥራ ፈት ነበር፤ አንደኛው መስታወት ያየ ሥራ ፈት፣ ሌላኛው ያላየ። ከሥራ ፈት መብለጥ ሌላ፣ ከሠራተኛ መብለጥ ሌላ። ደግሞ ከትርፉ ከፊሉ ያለ መስታወትም የሚገኝ ነው። አንድ እጅ ሲሠለጥን ሌላውም ጥቂት እንደሚያተርፍ የዬል ዩኒቨርሲቲው ኤድዋርድ ስክሪፕቸርና ባልደረቦቹ ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1894 ነው፤ መስታወት የሚባል ነገር አልነበረበትም። ያልሠራው እጅ የሚያገኘውም አብዛኛውን ጊዜ የሠራው ካገኘው ያንሳል። መስታወቱ በዚህ ላይ ለምን እንደሚጨምር ተመራማሪዎቹ ራሳቸው አልተስማሙም። ዓይን አንጎልን ስለሚያታልል ነው የሚሉ አሉ፤ ሐሳባችንን ወደተደበቀው እጅ ስለሚስብ ነው የሚሉም አሉ። እኔ ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ፣ ግን አልምልበትም።

ወደ ኪቦርዱ ስንመጣ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ቀኝ እጅ የትዝታን ቅኝት ሽቅብ ሲወጣ መስታወቱ የሚያሳየው ግራ እጅ ቁልቁል ሲወርድ ነው። ልጁ ሁለት ወር ያየው እጅ የሚጫወተው እኔ የሰጠሁትን ባስ እንኳ አልነበረም! ጣት ክብደቱን ቁልፉ ላይ ጥሎ፣ ሲዘገይ ጆሮ ይዞት፣ ተሳስቶ ተመልሶ ነው የሚማረው። መስታወት ውስጥ ያለችው ትንሽ ጣት ግን የግራ እጅን ስሕተት ተሳስታ አታውቅም፤ የቀኝ እጅ ናትና።

እጅ ተሰብሮ ጀሶ ውስጥ ከገባ ሌላ ጉዳይ ነው። ያን ጊዜ ደህናውን ማሠራት የታሰረው እጅ ጉልበቱ ብዙ እንዳይወርድ እንደሚረዳ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። ይህ ልጅ ግን ሁለት ጤነኛ እጅ ይዞ ነው አንዱን ለሁለት ወር ያሰረው።

ስለ መስታወት የሚነገሩትን ሌሎች ተረቶች ቶሎ ቶሎ እንለፋቸው። «መስታወቱ ቀኝ አንጎልን ከፍቶ ፈጠራን ያዳብራል» ይላሉ። ግራ እጅን በዋናነት የሚያዝዘው የቀኝ አንጎል ክፍል መሆኑ ልክ ነው፤ የቀረው የገበያ ወሬ ነው። «በመስታወት እያዩ መሳል እጅን ለሁሉም ሥራ ያፍታታል» የሚሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1953 አንጎሉ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት አዲስ ነገር የማስታወስ ችሎታውን ያጣው፣ ኤች ኤም እየተባለ የሚጠራው ሰው፣ ተመራማሪዋ ብሬንዳ ሚልነር ፊት ኮከብ በመስታወት እያየ እንዲስል ተደርጎ ነበር። መለማመዱን ሳያስታውስ እጁ ከቀን ወደ ቀን ተሻሻለ። ድንቅ ነው፤ ግን የተሻሻለው ኮከብ በመስታወት እያየ መሳሉ ብቻ ነው። የጂምና የዳንስ ቤት መስታወት ከንቱ ነው ለሚሉት ደግሞ፦ ጀርባ መጉበጡን፣ ትከሻ መዘንበሉን ለማየት ጥሩ ነው፤ እዚያ ሰውየው ራሱ ይንቀሳቀሳላ።

ከልጁ ጋር ምት ቆጣሪውን ሜትሮኖም 50 ላይ አድርገን በግራ ብቻ፣ አራት አራት ድምፅ እያልን ጀመርን። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ትንሿ ጣት መታዘዝ ጀመረች። እናቱ ሳጥኑን ልትመልስ ብትደውል ስልኩን የሚያነሣ ጠፋ። መስታወቱን እህቱ ነቅላ ወስዳ ሹሩባዋን ታይበታለች።