ቪ ወይስ ሰርፐንታይን? የአሮጌ ናፍጣ መኪና ባለንብረት የቺንጊያ ሒሳብ

ከደሴ ተነስቶ በጉጉፍቱና በአቀስታ በኩል መካነ ሰላም የሚገባ የጭነት መኪና ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የወሎ ደጋ ያቋርጣል። ከመካነ ሰላም አልፎ ወደ መርጡለ ማርያም የሚያቀና ከሆነ ደግሞ ወደ ዓባይ ሸለቆ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ በማዶው መልሶ ይወጣል። በዚህ መስመር እህል የሚያስጭን ነጋዴ ስለ ጎማ፣ ስለ ዘይትና ስለ ነዳጅ ሒሳብ ይይዛል። ሞተሩ ፊት ለፊት ስለሚዞረው የላስቲክ ቺንጊያ የሚያስበው ግን ብዙውን ጊዜ ከተበጠሰ በኋላ ነው።

ጉዳዩ ዛሬ ክብደት የሚያገኝባቸው ሁለት ምክንያቶች አሉ። አንደኛ፣ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከፍ ያለ ታክስ በመጣሉ፣ አገር ውስጥ ያለውን አሮጌ መኪና አድሶ ማሠራት ተመራጭ ሆኗል። ሁለተኛ፣ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ በብር ሲሰላ ተወዷል። በመሆኑም የአሮጌ አይሱዙ ወይም ፊያት ባለንብረት “መኪናው ይዞት በመጣው ቪ ቺንጊያ ልቀጥል ወይስ በአዳዲሶቹ ሞተሮች ላይ እንደሚታየው ወደ ሰርፐንታይን ላስቀይረው?” ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው።

ቺንጊያው የሚሸከመው ሥራ

በአሮጌ ናፍጣ ሞተር ላይ ቺንጊያው የውሃውን ፓምፕ፣ ቬንትሌተሩንና ዲናሞውን ያዞራል። በከፍታ ላይ ይህ ሥራ ይከብዳል። በ3,000 ሜትር ላይ ክፍት ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ ገደማ ነው፤ አየሩም ስስ በመሆኑ ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው በአነስተኛ አቅም ነው። ጭነት ይዞ በከባድ ማርሽ ዳገት የሚወጣ መኪና ቺንጊያው ቢንሸራተት ወይም ቢበጠስ ውሃው ይፈላል፤ ሹፌሩ ቶሎ ካላቆመም ጓርኒሲዮን ይቃጠላል፣ ቴስታታ ይጣመማል።

ከዚህ የሚብሰው ቁልቁለቱ ላይ ያለው አደጋ ነው። በብዙዎቹ የቀድሞ አይሱዙ ኤን ፒ አር መኪናዎች ላይ ለፍሬን ማገዣ የሚያገለግለው የቫኪዩም ፓምፕ ከዲናሞው ጀርባ የተገጠመ ነው። ቺንጊያው ሲበጠስ ዲናሞው ይቆማል፤ ዲናሞው ሲቆም ፓምፑም ይቆማል። በማጠራቀሚያው የቀረው ቫኪዩም ለጥቂት ርግጫ ብቻ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። በንፋስ ፍሬን የሚሠሩ ትልልቅ መኪናዎች ኮምፕሬሰራቸው በአብዛኛው በጥርስ ማርሽ ስለሚዞር ስጋቱ ያንሳል። በመሆኑም ለኤን ፒ አር ባለንብረት ቺንጊያ የፍሬን ዕቃ ጭምር ነው።

ቪ ቺንጊያ፦ ጥንካሬውና ድካሙ

ቪ ቺንጊያ ስሙን ያገኘው ከቅርጹ ነው። ላዩ ሰፊ፣ ታቹ ጠባብ ሆኖ በፑሌጃው ቦይ ውስጥ እንደ ሽብልቅ ይገባል፤ ኃይል የሚያስተላልፈውም በሁለቱ ጎኖቹ ነው። ሆዱ የቦዩን ወለል መንካት የለበትም። ከነካ ወይ ቺንጊያው ወይ ፑሌጃው አልቋል ማለት ነው።

ለወሎ መስመር የሚመችበት ምክንያት ግልጽ ነው። ዲናሞው በመወጠሪያው ላይ ወደፊትና ወደኋላ ስለሚንሸራተት የርዝመት ልዩነት በመጠኑ ይችላል፤ ሹፌርና ረዳት ሁለት ቁልፍ ይዘው መንገድ ላይ ይቀይሩታል። ሞተሩ በጥንድ ቺንጊያ የሚሠራ ከሆነም አንዱ ሲበጠስ ሁለተኛው እስከሚቀጥለው ከተማ ሊያደርስ ይችላል።

ድካሙ ውጥረት ላይ ነው። አዲስ ቪ ቺንጊያ ከተገጠመ በኋላ ይለጠጣል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ እንደገና መወጠር አለበት። የላላ ቺንጊያ ይንሸራተታል፣ ይግላል፣ ጎኑ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። ከልክ በላይ የተወጠረ ደግሞ የውሃ ፓምፑንና የዲናሞውን ኩሽኔታ ይበላል። ሲጮህ ሳሙና ወይም ቅባት መቀባት ድምፁን ለጊዜው ቢያጠፋም በሽታውን አያድንም።

ሰርፐንታይን፦ ምቾቱና ዋጋው

ሰርፐንታይን ጠፍጣፋ ሆኖ ሆዱ በቁመቱ የተሸነተረ ረጅም ቺንጊያ ነው። እንደ እባብ ተጠማዞ ሁሉንም ዕቃ ብቻውን ያዞራል። በብዛት በሚመረት መኪና ላይ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1979 በፎርድ ሙስታንግ ነው። ስስ በመሆኑ በቀላሉ ይታጠፋል፤ ውጥረቱን በስፕሪንግ የሚሠራ መወጠሪያ ስለሚጠብቅለትም ሹፌሩ የሚወጥረው ነገር የለም። በአስፋልት ላይ ብዙ ኪሎ ሜትር ለሚሠራ መኪና ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው።

ይሁን እንጂ አንድ ቺንጊያ ሁሉን ከያዘ፣ ሲበጠስም ሁሉን ይዞ ይቆማል። የሸንተረሩ ቁጥርና ርዝመቱ በትክክል ካልገጠመ አይሠራም። በጠጠር መንገድ ላይ ደቃቅ ድንጋይ በሸንተረሮቹ መካከል ተሰክቶ ያበላሸዋል። መወጠሪያውም ራሱ የሚያልቅ ዕቃ ነው።

ማስቀየር ያዋጣል ወይ?

በቪ ቺንጊያ የተሠራን ሞተር ወደ ሰርፐንታይን መለወጥ ቺንጊያ ገዝቶ ማስገጠም ብቻ አይደለም። የክራንክሻፍቱ፣ የውሃ ፓምፑና የዲናሞው ፑሌጃዎች ሁሉ ይቀየራሉ፤ መወጠሪያና እሱን የሚይዝ ብረትም ያስፈልጋል። ፑሌጃዎቹ በአንድ መስመር ካልቆሙ ቺንጊያው ጎኑን እየበላ ይወጣል። ከሁሉ በላይ፣ በሰርፐንታይን ጀርባ የሚዞር ዕቃ በተቃራኒ አቅጣጫ ይዞራል። የውሃ ፓምፑ በዚህ መንገድ ከተገጠመ ውሃውን በሚገባ አይገፋም፤ ከፓምፑ ጋር የተያያዘው ቬንትሌተርም ነፋሱን በተቃራኒው ይመታል። በተጨማሪም የናፍጣ ሞተር ምት ከቤንዚን ሞተር ስለሚከብድ፣ ለትንሽ መኪና የተሠራ መወጠሪያ በጭነት መኪና ላይ አይበረክትም።

ስለዚህ ፋብሪካው ለዚያው ሞተር ያዘጋጀው የተሟላ ዕቃ ከሌለ በስተቀር ማስቀየሩ “የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች” የሚለውን ተረት ያስታውሳል። በተገላቢጦሽም፣ መኪናው ከፋብሪካው በሰርፐንታይን ከመጣ ዕቃው ተወደደ ብሎ ወደ ቪ መመለስ አይመከርም።

ሲገዙ ምን ይታይ?

ከሶማሌ ተራም ሆነ ከደሴ ሲገዛ የሻጩን ቃል ሳይሆን ጽሑፉን ማንበብ ይበጃል። በቪ ቺንጊያ ላይ የተጻፈው የላይ ስፋቱንና ርዝመቱን ይገልጻል፤ “ኤ” የሚባለው መደብ 13፣ “ቢ” የሚባለው 17 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። በሰርፐንታይን ላይ 8 ፒኬ 1420 ከተባለ፣ 8 ሸንተረርና 1,420 ሚሊ ሜትር ርዝመት ማለት ነው። ጥንድ ቺንጊያ ምንጊዜም አብሮ ይቀየራል፤ አዲሱ ከአሮጌው ጋር ከተገጠመ ጭነቱን አዲሱ ብቻውን ይሸከማል።

ያገለገለ መኪና የሚገዛ ወይም የሚያሻሽጥ ደላላም ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ አምስት ደቂቃ ቢያጠፋ አይከስርም። በረጅሙ የቺንጊያ ክፍል መካከል ወደ 10 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ሲጫኑት 1 ሴንቲ ሜትር ያህል መርገብ አለበት፤ የመኪናው መመሪያ ሌላ ቁጥር ከሰጠ ግን የመመሪያው ይጸናል። የቦዩ ወለል የሚያብለጨልጭ ከሆነ ፑሌጃው የዋጋ መቀነሻ ነው። ሰርፐንታይን ከሆነ ደግሞ ስንጥቅ አለመኖሩ ብቻ አያዘናጋ፤ ኢ.ፒ.ዲ.ኤም. ከሚባለው አዲሱ ላስቲክ የሚሠሩት ሳይሰነጠቁ ሸንተረራቸው ስለሚያልቅ ጥልቀታቸው ይታይ።

ባጭሩ፣ መኪናው የተወለደበትን ቺንጊያ ይዞ ይቀጥል። ገንዘብ ከተገኘ ጥሩ ጥንድ ቺንጊያ፣ ደህና ኩሽኔታና ከወንበር ሥር የሚቀመጥ አንድ መጠባበቂያ ይገዛበት። ቺንጊያ ያለ ዕድሜው ሲቆይ የሚተርፈው ገንዘብ፣ መኪናው አንድ ቀን ዓባይ ሸለቆ ውስጥ ቢቆም ለመጎተቻና ለቀረ ጉዞ ከሚወጣው ጋር አይወዳደርም።