የፖድካስት ትረካና የጠያቂነት ሙያ በአሶሳና በመተከል

ፖድካስት በክፍል በክፍል ተዘጋጅቶ በኢንተርኔት የሚለቀቅ፣ አድማጩም በሚመቸው ሰዓት ከስልኩ የሚያዳምጠው የድምፅ ዝግጅት ነው። ስያሜው የተፈጠረው እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር በ2004 ቢሆንም፣ የቆመባቸው ሁለት ሙያዎች፣ ማለትም ትረካና ቃለ መጠይቅ፣ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ከዚያ አስቀድሞ የበሰሉ ናቸው። ወጋየሁ ንጋቱ በ1958 ዓ.ም የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ ሲተርክ፣ አንድ ሰው በድምፁ ብቻ የብዙ ገጸ ባሕርያትን ዕድሜ፣ ማዕረግና ጠባይ ለይቶ ማሰማት እንደሚችል አስመስክሯል። በ2000 ዓ.ም ሥርጭት የጀመረውን ሸገር ኤፍ ኤም 102.1 የመሠረተችው መዓዛ ብሩ ደግሞ በ«የጨዋታ እንግዳ» ዝግጅቷ እንግዳን ከልጅነቱ አንሥቶ ሳያስቸኩሉ ማነጋገር ምን ያህል የሕይወት ታሪክ እንደሚያወጣ አሳይታለች።

በአሶሳ ከተማም ሆነ በመተከል ዞን፣ በወምበራ ወረዳ በምትገኘው ደብረ ዘይት፣ ይህን ሙያ መማር የሚሻ ወጣት ከሁለቱ አስቀድሞ ሊይዝ የሚገባው ጠያቂነትን ነው፤ ምክንያቱም ተራኪው የሚያነበው ጽሑፍ የሚዘጋጀው ከቃለ መጠይቁ በኋላ ሲሆን፣ እንግዳው ያልተናገረውን ትዕይንት የተራኪው ቅላጼ ሊተካው አይችልም። በባህላዊ መንገድ ወርቅ የሚያወጡ አንድ አባት «ሥራው እንዴት ነው?» ተብለው ቢጠየቁ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው» ብለው ይዘጉታል፤ ጥያቄው የቀረበው በሰላምታ መልክ ነውና መልሱም የሰላምታ መልስ ይሆናል። «ዛሬ ጠዋት ከቤት ሲወጡ ምን ይዘው ወጡ?» ቢባሉ ግን ዶማውን፣ ማጠቢያውን፣ ስንቁን፣ አብሯቸው የሄደውን ልጅ እያነሡ ራሳቸው ወደ ጉድጓዱ አፍ ይደርሳሉ። ልምድ ያላቸው ጠያቂዎች ስለ ስሜት ከመጠየቃቸው በፊት ስለ ቦታ፣ ስለ ሰዓትና ስለ ዕቃ የሚጠይቁት በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ ስሜቱ ከዝርዝሩ ጋር ተያይዞ ሳይጠራ ይመጣል። ከመልሱ በኋላ ደግሞ ዝም ማለት ያስፈልጋል። በጀማሪዎች ቅጂ ትልቁ ጉድለት ዝም አለማለት ነው፤ ጠያቂው «እሺ፣ እሺ» እያለ የእንግዳውን ቃል መጨረሻ ይሸፍነዋል፣ ወይም የሚቀጥለውን ጥያቄ ከወረቀቱ ሲፈልግ እንግዳው ሊጨምር የነበረውን ይተወዋል።

የአካባቢው ድምፅም የትረካው አካል ነው። የቤርታ ሕዝብ ዋዛ የሚባለው የቅል ጥሩምባ ስብስብ ለዚህ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል፤ እያንዳንዱ ነፊ የየራሱን ድምፅ ብቻ ስለሚያወጣና ዜማው የሚፈጠረው ሁሉም በየተራቸው ሲገጣጠሙ በመሆኑ፣ ማይኩን ወደ አንዱ ነፊ አፍ ያስጠጋ ቀጂ የተቆራረጠ እስትንፋስ ይዞ ይመለሳል፣ ራቅ ብሎ መሐል የቆመ ግን ዜማውን ያገኛል። ለንግግር ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል፤ ማይኩ ከእንግዳው አፍ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ መያዝ አለበት። በክረምት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ መቅዳት ከባድ ስለሆነም ቀጠሮውን ዝናብ በማይጥልበት ሰዓት ማድረግ፣ ግድ ከሆነም ወደ ሣር ቤት መዛወር ይመረጣል።

አሶሳና መተከል የሚገኙበት ክልል የቤርታ፣ የጉሙዝ፣ የሺናሻ፣ የማኦና የኮሞ ሕዝቦች መኖሪያ በመሆኑ ጠያቂው ብዙ ጊዜ በአስተርጓሚ ይሠራል። እንዲህ ሲሆን የእንግዳውን ድምፅ በራሱ ቋንቋ ጥቂት ካሰሙ በኋላ ትርጉሙን ማስከተል ተገቢ ነው፤ ሰውየውን ሙሉ በሙሉ በሌላ ሰው ድምፅ መተካት እንግዳውን ከገዛ ታሪኩ ማስወጣት ይሆናል። የቃል ምስክርነት በዚህ ምድር ያለው ክብደት ለምሁራንም የተሰወረ አይደለም፤ ጣሊያናዊው የታሪክ ምሁር አለሳንድሮ ትሪዩልዚ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለነበሩት ቤላ ሻንጉልና ወለጋ የጻፈውን፣ እንደ ጎርጎሮሳውያን በ1981 የታተመውን መጽሐፉን ሲያዘጋጅ ከጽሑፍ መዛግብት ጎን ለጎን የአፈ ታሪክ ምንጮችን ተጠቅሟል። ይኸው ምሁር ኋላ ሮም ውስጥ የስደተኞችን ትዝታ በሚያሰባስብ ሥራ የተሳተፈ ሲሆን፣ እዚያው ኢትዮጵያዊው ዳግማዊ ይመር በሊቢያ በኩል የመጡ ስደተኛ ወገኖቹን እየጠየቀ በ2008 (እንደ ጎርጎሮሳውያን) ለእይታ የበቃውን ዘጋቢ ፊልም ከጣሊያናውያን ባልደረቦቹ ጋር ሠርቷል። ራሱም በዚያው መንገድ ያለፈ በመሆኑ፣ ጠያቂውና ተጠያቂው የሚያውቁት ስቃይ አንድ ነበር።

ይህ ምሳሌ መተከልን በቀጥታ ይመለከታል። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም በዞኑ በደረሰው ግድያና መፈናቀል የተጎዱ ሰዎችን ማናገር የሚሻ ሰው፣ ከመቅዳቱ በፊት ፈቃድ መጠየቅ ብቻ ሳይሆን፣ ከቀዳም በኋላ እንግዳው ሐሳቡን ሊለውጥ እንደሚችል አስቀድሞ ሊነግረው ይገባል። ስምን ማስቀረት በድምፅ ሥራ በቂ መሸሸጊያ አይደለም፤ የሚያውቁት ሰዎች በአነጋገሩ፣ በሳሉ፣ በጠቀሳት ወንዝ ስም ይለዩታልና፣ አርታኢው እነዚህንም መመርመር አለበት። የደረሰውን ሁሉ እንዲደግም መገፋት የለበትም፤ ማልቀስ ሲጀምር መቅጃውን ማጥፋት ጨዋነት ነው፣ የትኛውም ጥሩ ክፍል ከዚያ አይበልጥም።

የተጠናቀቀው ዝግጅት ወደ ተናጋሪዎቹ መመለስ ይገባዋል፤ ኢንተርኔት የማይደርስበት ቀበሌ ብዙ ስለሆነ፣ ፋይሉን አሳንሶ በሚሞሪ ካርድ መላክ ወይም በገበያ ቀን በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ ማዳረስ ይቻላል። ከመለቀቁ አስቀድሞ ግን የመጀመሪያው አድማጭ ተጠያቂው ራሱ ሊሆን ይገባል፤ ያልተናገረውን እንደተናገረ አስመስሎ የቆረጠ አርትዖት ካለ የሚያስተውለው እሱ ነው።